የጋሼ ሰዓት ልክ ነበር፦ አፓላቺያን ትሬይል ላይ የመሸብን ቀን

ባለፈው ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሁለት ልጆች አስቁመው "ሸናንዶዋ ሃይኪንግ ልንሄድ ነው፣ ምን እንያዝ?" አሉኝ። ውሃ፣ ጫማ፣ ጃኬት እያልኩ ዘረዘርኩላቸው። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ዋናውን ነገር እንዳልነገርኳቸው ታወቀኝ። እኛን ያጠፋን የጫማ ጉዳይ አልነበረም። ስለዚህ የደረሰብንን ከነስህተቱ ልጻፈው።

የጎጃም ገበሬ ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ እሄድ ነበር። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ሰዎች ለስድስት ኪሎ ሜትር መንገድ እንደ ዘማች ታጥቀው፣ በሁለት እጃቸው ዱላ ይዘው ሲወጡ ሳይ እስቅ ነበር። "ይሄ እኮ ለኛ የገበያ መንገድ ነው" እል ነበር። የመጀመሪያዋ ስህተቴ ይቺ ሳቅ ነች።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ያውም ሌሊት። ዶክተሬ ስኳርሽ እየወጣ ነውና ተንቀሳቀሺ ብላኛለች። በዚያ ላይ ጋሼ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ለስድስት ወር ሊጠይቁን መጥተው አፓርታማ ውስጥ ተሰላችተዋል። "ሰው ከፎቅ ላይ ሆኖ መኪና ሲቆጥር ይውላል እንዴ?" ይሉኛል። በዲቪ የመጣ የእህቴ ልጅም አብሮን ይኖራል። እናም በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ሦስታችን ወጣን።

የሄድነው ሜሪስ ሮክ ወደሚባለው አለት ነው። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከቶርንተን ጋፕ መግቢያ አጠገብ ካለው መኪና ማቆሚያ ይነሳል። ደርሶ መልስ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገቱ ወደ 370 ሜትር። መንገዱ የአፓላቺያን ትሬይል አንድ ቁራጭ ነው። ይህ ትሬይል ከጆርጂያ ተነስቶ እስከ ሜይን 14 ስቴቶችን ያቋርጣል፣ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ያን ቀን ይህን ሁሉ አላውቅም። ለእኔ ጫካ ውስጥ ያለ ቀጭን መንገድ ነበር፣ በቃ። ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሚጠብቀው አስቤም አላውቅም።

ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ምሳ ቋጥረን ስንነሳ ረፈደ። ደርሰን መውጣት ስንጀምር ስልኬ ላይ ከሰዓት በኋላ አንድ ከሩብ ይላል፣ በእኛ አቆጣጠር ሰባት ከሩብ። ጋሼ ዱላቸውን ይዘዋል፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። የእህቴ ልጅ "ጋሼ፣ ጋቢ ለተራራ?" ብሎ ሳቀባቸው። እኔ ጂንስና የጥጥ ካናቴራ ለብሻለሁ። ቀኑ ሞቃት ነበር፣ ጃኬቴን መኪና ውስጥ ተውኩት።

እየተጨዋወትን፣ ጋሼ ሲደክማቸው እያረፍን፣ አናቱ ላይ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ከዚያ ያለውን እይታ ለመግለጽ አልሞክርም፣ ሄዳችሁ እዩት። አምባሻ ቆረስን፣ ከፔርሙስ ቡና ቀዳን። የእህቴ ልጅ ቪዲዮ ሲቀርጽ፣ ለጓደኞቹ ሊልክ ሲሞክር ቻርጁን ጨረሰ።

ጋሼ የእጅ ሰዓታቸውን አዩና "11 ሰዓት ሆነ፣ እንውረድ" አሉ። ሰዓታቸውን የሚሞሉት በሀበሻ አቆጣጠር ነው። እኔም እንደ አዋቂ "ጋሼ፣ ዛሬ ሌሊት እኮ አሜሪካ ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሳለች። ገና 10 ነው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብርሃን አለን" አልኳቸው። እሳቸው ፀሐይዋን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ዝም አሉ።

አስቡት እንግዲህ። አገር ቤት በጋም ሆነ ክረምት ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ነው የምትጠልቀው። አሜሪካ ስንት ዓመት ኖሬም ያ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የጨለመው 12 ሰዓት አልፎ ስለነበር ዛሬም እንደዚያው መሰለኝ። ሰዓቱ ሲቀየር ግን ፀሐይዋ አብራ አትቀየርም። ያን ቀን የምትጠልቀው በተስተካከለው ሰዓት 11 ገደማ፣ ማለትም በስልኬ አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። ያልተስተካከለው የጋሼ ሰዓት ልክ ነበር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። ከቤት ሳትወጡ የዚያን ቀን ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደምትጠልቅ ስልካችሁ ላይ እዩ። ከዚያ ላይ ሁለት ሰዓት ቀንሱና መመለሻ ሰዓታችሁን ወስኑ። ያ ሰዓት ከደረሰ፣ አናቱ 10 ደቂቃ ቢቀራችሁም ተመለሱ። አለቱ የትም አይሄድም። ጫካ ውስጥ፣ በተለይ ከተራራው በስተ ምሥራቅ በኩል፣ ፀሐይ ከመጥለቋ ቀደም ብሎ ይደበዝዛል።

እዚያው ቆየት ብለን ወደ ታች ስንጀምር ሁለተኛው ስህተት መጣ። ከአለቱ አናት እስከ ዋናው መንገድ አጭር መገንጠያ አለች፣ በሰማያዊ ቀለም የተመለከተች። መገናኛው ላይ የሲሚንቶ ምሰሶ ቆሟል። ምሰሶው በብረት ጠፍር ተጠምጥሟል፣ በዚያ ላይ ወዴት ምን ያህል ማይል እንደሆነ ተጽፏል። እኛ ቀና ብለን አላየነውም። ወሬ ይዘናል፣ ቁልቁለትም ነው፣ እግራችን ወደመራን ታጠፍን። የታጠፍነው ከመኪናችን በተቃራኒ ነበር።

የሚገርመው በልበ ሙሉነት ነው የሄድነው። ምክንያቱም ዛፎቹ ላይ ያ ነጭ ቀለም አለ። ስንወጣም አይተነዋል። ወደ 25 ደቂቃ እንደሄድን ጋሼ ቆሙና "ስንመጣ ይህን የወደቀ ግንድ አላለፍነውም" አሉ። የእህቴ ልጅ "ጋሼ፣ ነጩ ምልክት ይኸው፣ መንገዱ ላይ ነን" አላቸው። እውነቱን ነው፣ መንገዱ ላይ ነበርን። ነጩ ቀለም መንገዱ ላይ መሆናችሁን እንጂ ወዴት እንደምትሄዱ አይነግራችሁም። በሁለቱም አቅጣጫ ያው ነጭ ነው።

ስለ ቀለሙ ትንሽ ልበል፣ ማንም ስለማይነግራችሁ። አፓላቺያን ትሬይል ላይ ምልክቱ ቁመቱ 15፣ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ሰረዝ ነው፣ ዛፍ ወይም ድንጋይ ላይ የተቀባ። ሁለት ሰረዝ አንዱ ካንዱ በላይ ካያችሁ "ልብ በሉ" ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ መታጠፊያ አለ። የላይኛው ወዳጋደለበት ነው መንገዱ የሚታጠፈው። ሰማያዊ የመገንጠያ መንገድ ነው። በዚህ ፓርክ ቢጫው ፈረስ የሚሄድበት ነው። ጥቂት ደቂቃ ሄዳችሁ ምንም ቀለም ካላያችሁ፣ ወደፊት አትቀጥሉ። መጨረሻ ያያችሁት ምልክት ጋ ተመለሱ።

አገር ቤት መንገድ ከጠፋብህ እረኛ ትጠይቃለህ። ዛፍ ስር ቁጭ ያለ ሽማግሌ አይጠፋም፣ ውሃ ልትቀዳ የወጣች ልጅ አትጠፋም። እዚህ ጫካ ውስጥ ከመሸ የምትጠይቁት ሰው የለም። ያ ቀለም ነው እረኛው።

እንግዲህ ትክክለኛው ነገር 25 ደቂቃውን ወደ ኋላ ተመልሶ ምሰሶውን ማንበብ ነበር። ያኔ ግን ከበታች የመኪና ድምፅ ሰማን። የእህቴ ልጅ "አስፋልቱ እዚህ ታች ነው! ቀጥ ብለን እንውረድ" አለ። ጋሼ ዱላቸውን ተክለው አልተነቃነቁም። እኔ ነኝ "እሺ፣ ውረድ" ያልኩት። ልጁ ላይ አላሳብብም። ወጣት ነው፣ ታላቂቱ እኔ ነኝ።

ከመንገዱ ወጣን። የረገፈው ቅጠል እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ ከሥሩ ድንጋይ ይሁን ጉድጓድ አይታይም። ሩብ ሰዓት ያህል ወርደን ነበር፣ ጋሼ "ወይኔ!" ብለው ተቀመጡ። ቁርጭምጭሚታቸውን ወለም ብሏቸዋል። ቀና ስል ሰማዩ ጠቁሯል። የመኪናው ድምፅ ጠፍቷል። ስልኬ 9 ፐርሰንት ይላል፣ ኔትወርክ የለም። ላቤ የጥጥ ካናቴራዬ ላይ መቀዝቀዝ ጀምሯል። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ተሰማኝ። ዲግሪው ገና ከዜሮ በላይ ነበር፣ እርጥብ ጥጥ ግን ለዚያ ግድ የለውም። ሰው በረዶ ሳይኖርም በብርድ ሊጎዳ እንደሚችል በሥራዬ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው እንዲህ የለበስኩት።

ያዳነን መጀመሪያ የጋሼ እርጋታ ነው። የእህቴ ልጅ "እኔ ሮጬ ሰው ልጥራ" ሲል "ማንም ከዚህ አይነቃነቅም" አሉ። "መጀመሪያ ቆሎውን አምጪ።" በዚያ ጨለማ ቁጭ ብለን ቆሎ ቆረጠምን። የተሳቀበት ጋቢ ሦስታችንን አለበሰን። ሆዳችን ሲሞላ ጭንቅላታችን ተመለሰ። ከዚያ "በወረድንበት እንወጣለን" አሉ፣ "ቅጠሉን እንደ በሬ አርሰነው ነው የመጣነው፣ ፈለጉ ይታያል።"

እውነትም ይታይ ነበር። የስልኬን መብራት እያበራሁ፣ ልጁ ጋሼን ደግፎ፣ ሩብ ሰዓት የወረድነውን 40 ደቂቃ ወጣነው። መብራቱ ውስጥ ያ ነጭ ሰረዝ ብቅ ሲል እንባዬ መጣ። አላፍርም። ቀለሙን በእጄ ነካሁት።

እዚያው ሆነን እየተፈራረቅን ሦስት ሦስት ጊዜ ጮኽን። ብዙም ሳይቆይ ከአለቱ በኩል መብራት መጣ። አንድ ፀጉራቸው የነጣ ሰውዬ ናቸው። ግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረዋል፣ ትከሻቸው ላይ ዶማና መጋዝ ተሸክመዋል። መጀመሪያ ያሰብኩት የፓርኩ ሠራተኛ ናቸው ብዬ ነው። አይደሉም። በጎ ፈቃደኛ ናቸው፣ ጡረታ ወጥተዋል። ክረምት ከመግባቱ በፊት መንገዱ ላይ ያሉትን የውሃ ማፋሰሻዎች ከቅጠል ሲያጸዱ መሽቶባቸው ነው። "እኔም አንዳንዴ ይመሽብኛል" አሉ እየሳቁ። "ግን መብራት ሁለት ነው የምይዘው።" ሁለተኛውን ለጋሼ ሰጡ። የጋሼን እግር አይተው በጨርቅ አሰሩላቸው።

ከዚያ ያደረጉት ነገር ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው። "በየት በኩል ነው የወጣችሁት?" አሉ። አሳየኋቸው። ብርዱ እያለ፣ እኛ እየተንቀጠቀጥን፣ ሁለት ትልልቅ የደረቁ ቅርንጫፎች ጎትተው እዚያ ላይ አጋደሙ። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። ነገ የሚመጣ ሰው የእናንተን ፈለግ አይቶ መንገድ ይመስለዋል አሉ። እሱ ከሄደበት ሦስተኛው ይከተላል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው በዚያ ይወርዳል፣ ከዓመት በኋላ ቦረቦር ይሆናል። አልተቆጡንም። ያ ነው የባሰኝ።

ለካ ከቆምንበት ጥቂት ደቂቃ ራቅ ብሎ ሜዶ ስፕሪንግ የሚባል፣ በሰማያዊ የተመለከተ መንገድ አለ። ቀጥታ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። ጫካ ሰንጥቀን የፈለግነው አቋራጭ ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ ቁጭ ብሏል! ካርታ ብንይዝ እናየው ነበር። ሰውዬው በዚያ በኩል ቀስ አድርገው አወረዱን፣ በመኪናቸው ወደ መኪናችን አደረሱን። ገንዘብ ልሰጥ ስል እጃቸውን አራገፉ። ጋሼ ግን የቀረውን ቆሎ ከነፌስታሉ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱባቸው።

ከዚያ ወዲህ የምይዘው ይህ ነው። የግንባር ባትሪ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ የቀን ጉዞም ቢሆን። ፓወር ባንክ። ያለ ኔትወርክ የሚከፈት ካርታ ስልኬ ላይ፣ የወረቀቱም ቦርሳዬ ውስጥ። ፊሽካ፤ ሦስት ጊዜ መንፋት "እርዱኝ" ማለት እንደሆነ መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። ጥጥ ሳይሆን ቶሎ የሚደርቅ ልብስ፣ ላዩ ላይ ሱፍ ወይም ፍሊስ። ስልኩን መንገድ ላይ ኤርፕሌን ሞድ አደርገዋለሁ፣ ኔትወርክ ሲፈልግ ነው ቻርጅ የሚጨርሰው። ጥሪ እምቢ ካለ ወደ 911 የጽሑፍ መልእክት ሞክሩ፣ አንዳንዴ ጥሪ በማያልፍበት ያልፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የት እንደምሄድና ስንት ሰዓት ላይ ካልደወልኩ እንዲያሳስባት ለአንዲት ጓደኛዬ እነግራታለሁ። ያን እሁድ የት እንደሄድን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

መዥገርንም አትናቁ። አገር ቤት ከብት ላይ እንደምናውቃት ናት፣ እዚህ ግን "ላይም" (Lyme) የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ቤት ስትገቡ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ከጆሮ ኋላ ፈትሹ፣ ልጆችን ደግሞ ፀጉራቸው ውስጥ። ከተገኘች በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ቫዝሊን መቀባት፣ በእሳት ማቃጠል የለም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ቆዳችሁ ላይ የሚሰፋ መቅላት ወይም ትኩሳት ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱና መዥገር እንደነከሳችሁ ንገሩ። ስለ ድብ ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል። ምግብ አትተዉ፣ አትጠጉት፣ አትሩጡ። እኔ ከድብ ይልቅ ሰዓት ያስፈራኛል።

በሚቀጥለው ማርች ሰውዬው ያሉበት ክለብ ሥራ ሲወጣ አብሬ ሄድኩ። ፖቶማክ አፓላቺያን ትሬይል ክለብ ይባላል፣ በ1927 የተቋቋመ ነው። ትሬይሉ ራሱ ከዳር እስከ ዳር ተቀጥሎ ያለቀው በ1937 ነው፣ ከመጀመሪያውም ብዙውን የሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ዛሬም እንደዚሁ ነው። መንገዱ ተቆራርጦ ለሰዎች ተሰጥቷል፣ አንዱ ሁለት ማይል ገደማ ይረከባል። ወድቆ የዘጋውን ዛፍ ይቆርጣል፣ ቁጥቋጦ ይመለምላል፣ ውሃ ያፋስሳል፣ የደበዘዘ ቀለም ያድሳል። በእኛ ቋንቋ ደቦ ነው፣ ጠላው ብቻ የለም።

ጋሼ ሊመለሱ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር፣ እግራቸውም ድኗል፣ አልቀርም ብለው መጡ። ሰውዬው መንገዱን አቋርጦ የተጋደመ ግንድ አሳዩን። ውሃው በመንገዱ ቁልቁል እንዳይሮጥ ወደ ጎን የሚያወጣው እሱ ነው። ጋሼ ገና ሲያዩት "ፈሰስ ነው እኮ!" አሉ። እውነት ነው፣ አባቴ ማሳው ላይ በማረሻ የሚያወጣው ፈሰስ ነው። ቀጥሎ አንዱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይቺ ቀጥ ብላ ነው የተጋደመች። ውሃው ይቆምባታል፣ ደለል ይሞላታል። ሰያፍ መሆን አለባት፣ ግን ብዙም አታጋድሏት፣ ከበዛ ትቦረቡራለች።" ተረጎምኩላቸው። ሰውዬው ቁጭ ብለው አዩና "ልክ ናቸው፣ እኔም ላስተካክላት ሳስብ ነበር" አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ያለ ቋንቋ፣ በጣትና በዱላ እየተነጋገሩ ግንዷን አንስተው መልሰው ቀበሯት። እኔና የእህቴ ልጅ ድንጋይ አቀባይ ነበርን።

ያኔ ነው ጭቃ መሃል ለመሃል መሄድ ለምን እንደሚሻል የገባኝ። ጫማዬ እንዳይቆሽሽ በዳር በኩል እዞር ነበር። ሁሉም ሰው በዳር ሲዞር መንገዱ ይሰፋል፣ ሣሩ ይሞታል፣ ጭቃው ይበዛል። ጥምዝምዙን ቆርጦ መውረድም እንዲሁ ነው፤ እናንተ የምትቆጥቡት አንድ ደቂቃ የአንድ ሰው ቅዳሜ ያስወጣል። የብርቱካን ልጣጭ "ይበሰብሳል" ብዬ እጥል ነበር። ሰንብቶ ደርቆ አገኘሁትና ለቀምኩት። አሁን ፌስታል እይዛለሁ፣ ያመጣሁትን ይዤ እወጣለሁ። መጸዳዳት ካስፈለገ ከውሃና ከመንገድ 60 ሜትር ያህል ራቁ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሩ፣ መልሳችሁ ድፈኑ፣ ሶፍቱን ግን ይዛችሁ ውጡ። ዶማ መያዝ ለማትፈልጉም ሥራ አለ። መንገድ ላይ የወደቀ ዛፍ ካያችሁ ፎቶ አንሱና የት እንደሆነ ለክለቡ ወይም ለፓርኩ ላኩ።

ጋሼ አገር ቤት ከገቡ በኋላ በየሳምንቱ እሁድ እደውላለሁ። ስለ ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቃሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያቺ ፈሰስ ውሃ ታወጣለች?" ይሉኛል። ባለፈው እሁድ እንደገና ቅጠል ሞልቷታል አልኳቸው። "ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉ። ቅዳሜ እንሄዳለን። ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 11 ከአምስት ላይ ነው፣ አይቻለሁ።